ቀንሰሽ ነይ

«ያቺን ወፍራሟን ለነገ አድርጊያት፤ እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል።»

ይህን ያለችው ነርስ መጋረጃው ግድግዳ መስሏት መሆን አለበት። ከአረንጓዴው መጋረጃ እስከ አግዳሚ ወንበሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሰባት ሴቶች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሰባቱም ሰምተዋል። ስድስቱ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ሰባተኛዋ፣ የተባለላት ራሷ፣ በእጇ የያዘችውን የሕክምና ካርድ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን እንደሚያነብ ሰው ትክ ብላ ታየው ጀመር። ጀርባው ባዶ ነበር።

ሚጢ ነው የሚሏት፤ ቤትም ሥራ ቦታም። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በመሆኗ በሕፃንነቷ የወጣላት ስም ነው፤ እሷ አደገች፣ ስሙ እዚያው ቀረ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ጥቅል ጨርቅ በትከሻዋ አድርጋ ከመጋዘን እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ ትመላለሳለች፤ ሠላሳ ድርብ አንድ ላይ አንጥፋ በማሽን ስትቆርጥ መስመሯ ውልፍት አይልም። አዲስ የሚቀጠሩ ሰዎች ስሟን ሰምተው ሲያዩዋት በሳቅ ይፈርሳሉ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሳቁን ትተው ጥቅሉን በአንደኛው ጫፍ እንድትይዝላቸው ይለማመጧታል። በዚህ ሳምንት የድርጅቱ ኃላፊ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሴቶች ሁለት ሁለት እያደረገ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በነፃ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። የሚጢ ተራ ከቁልፍ ሰፊዋ ጋር ደረሰ። ቁልፍ ሰፊዋ ሸንቃጣ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ አሁን ግን ሚጢ ጎን ተቀምጣ ስልኳን ከመነካካት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

እንዲያው ለነገሩ፣ ጠዋቱ የተበላሸው ከመጋረጃው በፊት ነው። ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ባለ ቀስት ሚዛን ቆሟል፤ ከሚዛኑ ሦስት እርምጃ ፈንጠር ብሎ ደግሞ መዝጋቢዋ ጠረጴዛዋን ይዛ ተቀምጣለች። መዛኟ ያየችውን ትጠራለች፣ መዝጋቢዋ ትጽፋለች፤ በዚህ መካከል የሁሉም ሰው ኪሎ ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። አምሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ፣ አርባ ዘጠኝ። ሚጢ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ቀስቱ ሄዶ ሄዶ ብረቱን ቀጭ አድርጎ መታና ቆመ።

«ከመቶ ሃያ በላይ» አለች መዛኟ።

«ስንት ልበል?»

«እንጃ፣ ሚዛኑ አለቀ።»

ከሰልፉ አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሚጢ ወርዳ ጫማዋን አደረገች። በሳቁ አልተከፋችም፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምራ ለምዳዋለች። የከነከናት ሌላ ነው። ካንሰር ልትታይ የመጣችን ሴት መጀመሪያ ሚዛን ላይ የሚያቆማት ምንድን ነው? ከቀስቱ ጋር ምን አገናኘው? ብትጠይቅ ኖሮ መዛኟም መልሱን ታውቀው አይመስልም። ቅጹ ላይ ኪሎ የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ክፍት ቦታ መሞላት አለበት።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ግፊት ነበር። የለካቻት ያችው ወገቧን ያመማት ነርስ ናት። የመለኪያው ማሰሪያ በሚጢ ክንድ ዞሮ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ፤ ነርሷ ጎትታ ጎትታ በግድ አያያዘችው፤ አየር ስትነፋው ግን ተለጣፊው ተርረርር ብሎ ተፈታ። ደግማ አሰረችና አሁን በአንድ እጇ ጨምድዳ ይዛ ነፋችው። የሚጢ ጣቶች ደነዘዙ። «መቶ ሰባ በመቶ አምስት» አለች ነርሷ፤ «ግፊት አለብሽ፤ ይታወቅሻል?» ሚጢ በመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ያለው የመድኃኒት መደብር በትልቁ ማሰሪያ ሲለካት ሁልጊዜ ደህና እንደሆነች፣ ይሄኛው ጠቦ ይሆናል እንጂ ግፊት እንደሌለባት ልታስረዳ ሞከረች። «እዚህ ያለን ይሄ ነው» አለች ነርሷና ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። ሚጢ ቆራጭ ከመሆኗ በፊት ስምንት ዓመት የሰው ልክ ስትወስድ ኖራለች። ሜትሩ ካልደረሰ ረጅም ሜትር ይመጣል እንጂ የሰውየው ደረት ተሳስቷል ሲባል ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነበር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስለ ራሷ የሰማችው። ብዙም ሳይቆይ ቁልፍ ሰፊዋ ተጠራች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀበቶዋን እያስተካከለች ወጣች። «አለቀ» አለች፤ «ምንም አያምም፣ ቀዝቀዝ ከማለቱ በቀር። ደህና ነሽ አሉኝ፤ ከዓመታት በኋላ ነይ ብለውኛል።» ከዚያ የሚጢን ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጠብቅሽ እንዴ?» ሚጢ ሂጂ አለቻት። መጋረጃው ተገለጠ፣ ተዘጋ፣ ተገለጠ፣ ተዘጋ። ከእሷ በፊት የነበሩት ገብተው ወጡ፤ ከእሷ በኋላ የመጡትም ገብተው ወጡ። አንዲት የሦስት ወር ሕፃን የታቀፈች ሴት ልጇን ለሚጢ አስይዛ ገባችና ተመርምራ ስትወጣ አመስግና ተቀበለቻት። ሚጢ የሕፃኗን ጡት ጡት የሚል ሽታ አንገቷ ላይ እንደያዘች ተነስታ መዝጋቢዋን ጠየቀች። መዝጋቢዋ ወረቀቶቿን ስታገላብጥ ቆይታ፣ አንቺ ግፊት ስላለብሽ መጀመሪያ ዶክተሩ ያይሻል፣ ስድስት ቁጥር ግቢ አለቻት። ያንን ለማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ አልተናገረችም።

ስድስት ቁጥር ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው አንዱን ግድግዳ፣ አልጋው ሌላውን ይዞታል፤ በመካከል ያለው ወንበር ክንድ ማሳረፊያ ያለው የብረት ወንበር ነበር። ሚጢ ወንበሩን አንድ ጊዜ አይታ ቆማ ለመነጋገር ወሰነች። ዶክተሩ ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ ወጣት ነው። ቀና ሳይል ካርዷን ተቀበላት፤ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ።

«እናት፣ ክብደት አለሽ፣ ግፊት አለሽ። ስኳርሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ተለክቻለሁ፤ የለብኝም። ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለማህፀን በር ምርመራ ነው።»

«እሱን አያለሁ። ግን አሁን ባለሽበት ሁኔታ በደንብ አይታይም፤ ስቡ ይሸፍነዋል። አልጋውም…» አለና እስክሪብቶውን በአልጋው አቅጣጫ ወዝወዝ አደረገ። «ለጤናሽም ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ክብደት ቀንሺ። እንቅስቃሴ አድርጊ፣ ጣፋጭ ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ። ከስድስት ወር በኋላ እናይሻለን።»

ሚጢ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቆም፣ ስንት ጥቅል እንደምትሸከም፣ ከቤቷ ሥራ ቦታዋ ድረስ አርባ ደቂቃ በእግሯ እንደምትሄድ ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ካርዷ ላይ መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ለሚጽፍ ሰው ማውራት ደግሞ ሞኝነት መሰላት። ይህንኑ ነገር ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች ሐኪም ብላታለች፤ ቃሉ እንኳ አልተለየም፤ «ትንሽ ቀንሰሽ ነይ።» ሚጢ ያኔ ቤቷ ገብታ የምሯን ቀንሳ ነበር። ማታ ማታ በውሃ ብቻ እየተኛች፣ ሥራ ላይ ዓይኗ እየጨለመባት፣ በአምስት ወር አሥራ አንድ ኪሎ ጣለች። ልትመለስ አንድ ቀን ለባብሳ እስከ ክሊኒኩ በር ደርሳለች። አሥራ አንዱ «ትንሽ» መሆን አለመሆኑን ማን ይነግራታል? አይበቃም ብትባልስ? በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ተመለሰች። ኪሎው በዓመቱ ከነጓደኞቹ መጣ፤ እሷ ግን ወደ ሐኪም ድርሽ ሳትል ስድስት ዓመት ሞላ። ይህንንም ለወጣቱ አልነገረችውም። ሁልጊዜ እንደምትለው «እሺ» አለችና ካርዷን ይዛ ወጣች።

እሺ ማለት የለመደባት ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለት ቦታ ይዘሻል ስትባል እሺ፣ ልብስ መደብር ውስጥ ገና ሳትጠይቅ ያንቺ ልክ የለም ስትባል እሺ፣ ጥርሷን ሊያይ የተነሳ ሐኪም ስለ ሆዷ ሲመክራት እሺ። ከጤና ጣቢያው በር ወጥታ መንገዱን ልትሻገር ስትል አጥሩ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ማስታወቂያ ዓይኗ ገባ። ጠዋት ስትገባ አላየችውም። አንዲት ቀጭን፣ ጥርሷ ወተት የመሰለ ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ከሥሯ በትልልቁ ተጽፏል፤ «ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሁሉ ዛሬውኑ ይመርመሩ። ቀድሞ የተገኘ ይድናል።» ሚጢ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆማ ቀረች። እስከ ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚናገር ነገር ፈለገች፤ ከታች በደቃቁ የታተመውን ሳይቀር ጎንበስ ብላ አየች፤ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ይላል፤ ዛሬውኑ ይላል። ውስጥ ያሉት ደግሞ አንዷ ነገ ትላለች፣ አንዱ ከስድስት ወር በኋላ ይላል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ማንም ግን ገና አላያትም። ለኳት፣ ጻፏት፣ መከሯት፤ ማየቱ ብቻ ቀረ። ሚጢ ልቅሶ የሚመጣባት መስሏት ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ሆነ። ዞር ብላ ገባች። ዘበኛው ምን ረሳሽ አላት። «ምርመራዬን» አለችው።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ሚጢ በአግዳሚው በኩል አልፋ በቀጥታ አረንጓዴውን መጋረጃ ገለጠችው። ወገቧን ያመማት ነርስ እጇን እየታጠበች ነበር።

«ዶክተሩ ጋ አልገባሽም እንዴ?»

«ገብቻለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ያለኝን ካርዱ ላይ ጽፎታል። እኔ አሁን የመጣሁት አንቺ ዘንድ ነው። ለነገ አድርጊያት ስትዪ ሰምቻለሁ። አልቆጣሽም፣ ወገብ ክፉ ነገር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ማን አንሺኝ አለሽ? አልጋው ላይ የምወጣው በራሴ እግር ነው፣ የምወርደውም በራሴ እግር ነው። በቀን ከዚህ ክፍል የሚረዝም ጥቅል የምሸከም ሰው ነኝ። ካስፈለገ አንቺንም ተሸክሜሽ እወጣለሁ።»

ነርሷ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። የምሳ ሰዓት ነው አለች። ሚጢ እጠብቃለሁ አለች። ነርሷ ከሰዓት ተራ የሌላ ሰው ነው አለች። ሚጢ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬም ቢሆን እጠብቃለሁ አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም፤ የጨርቅ ልክ ስትናገር እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። በዚህ መካከል ከጓዳው በኩል አንዲት ጠና ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ነርስ የዳቦ ቁራሽ እንደያዘች ብቅ አለች። ሁሉም ትልቋ ሲስተር ይሏታል። ሰላም ያጣ የምሳ ሰዓት እንዳስመረራት ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ምንድን ነው እዚህ?»

ወገቧን ያመማት ወጣቷ ነርስ ቀድማ ተናገረች፤ ግፊቱን፣ ሚዛኑን፣ የዶክተሩን ቃል። ትልቋ ሲስተር ዳቦዋን እያኘከች ሰማች። ከዚያ ወደ ሚጢ ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔ እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው፣ ሲስተር። ሌላ የምለው የለኝም። ካዩኝ በኋላ የፈለጉትን ይምከሩኝ።»

ትልቋ ሲስተር ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «ግቢ» አለች፤ በደግነት አልነበረም፤ ሥራው ከሚደገም ይለቅ እንደሚል ሰው ነው። ወጣቷን ነርስ ደግሞ ጋውን ስጫት አለቻት። ጋውኑ መጣ። ሚጢ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን አውልቃ ብትሞክረው ደረቷ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል ጎደለ። የቆራጭ ዓይን አያርፍም፤ ገልብጣ ስፌቱን አየችው። ወርዱ ላይ ጨርቅ ቆጥበው ርዝመቱን ለጉድ ለቀውታል፤ አጭርና ሰፊ የሚሆነውን ረጅምና ቀጭን አድርገው ቆርጠውታል። ይሄንን የቆረጠ ሰው ሴት አይቶ አያውቅም አለች በልቧ። ትልቋ ሲስተር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየቻትና ጋውኑን ወስዳ አንሶላ ሰጠቻት።

አልጋው ኧኧ ብሎ ጮኸ እንጂ ምንም አልሆነም። ትልቋ ሲስተር አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ቁልፍ የብረት መሳቢያ ከፈተች፤ ከውስጡ በላስቲክ እንደታሸገ የኖረ፣ ለማህፀን ምርመራ የሚሆን ትልቅ መክፈቻ መሣሪያ አወጣች፤ ሰፊ የግፊት ማሰሪያም አወጣች። ወጣቷ ነርስ ዓይኗን አፍጥጣ አየች። «እሱ አለ እንዴ?» ትልቋ ሲስተር፣ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፣ ማን ጠይቆኝ አለች። ለመጠየቅ መኖሩን ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ለማወቅ ደግሞ መሳቢያው መከፈት እንዳለበት ከሦስቱ ማንም አልተናገረም። ግፊቷን በሰፊው ለካቻት፤ መቶ ሃያ ስድስት በሰማንያ። ቀዩን ቁጥር ሰርዛ አጠገቡ ጻፈችበት። ከዚያ የእጅ ጓንት አንስታ አንዱን ጣት በመቀስ ቆረጠች፤ ጫፉንም ቆርጣ እንደ እጅጌ ክፍት አደረገችውና መሣሪያው ላይ አለበሰችው። «ጎንና ጎኑን ይይዝልኛል፤ ያን ጊዜ የሚሸፍነው ነገር አይኖርም» አለች፤ ለወጣቷ ይሁን ለሚጢ አልታወቀም። መቀሱ ጓንቱን እያኘከ ነበር የቆረጠው። ሚጢ ተኝታ ሳለ «መቀስዎ ደንዟል፣ ሲስተር» አለች። ትልቋ ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጣሪያው ላይ ውሃ የሠራው ቡናማ ክብ ነበር። ሚጢ እሱን እያየች ቀዝቃዛው ብረት ሲገባ ትንፋሿን ያዘች፤ ተንፍሺ ስትባል ተነፈሰች። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ መጣ። ትልቋ ሲስተር መብራቱን አስጠግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ደቂቃ ጠበቀች። ወጣቷንም ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ተነስታ ወደ ራስጌ መጣች፤ ዶክተሩ ያላደረገውን አደረገች፤ ፊቷን አይታ ተናገረቻት።

«ስሚ። ኮምጣጤው ሲነካው ነጭ የሆነ ቦታ አይቻለሁ። ካንሰር አይደለም። ቢተው፣ ዓመታት ቢያልፉት፣ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው። ትንሽ ነው፤ ዛሬውኑ እዚሁ በሙቀት እናጠፋዋለን። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ቆረጥ ያደርግሻል፣ ከዚያ ያበቃል። ትፈቅጃለሽ?»

ሚጢ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ከዚህ በፊት መቼ ነው የታየሽው?» አለች ትልቋ ሲስተር መሣሪያውን እያዘጋጀች። ሚጢ ታይታ እንደማታውቅ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሄዳ ቀንሰሽ ነይ መባሏን ነገረቻት። የትልቋ ሲስተር እጅ ለአፍታ ቆመ። ወጣቷ ነርስ ሳትጠራ መጥታ የሚጢን እጅ ያዘች፤ መዳፏ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ሚጢ እጇን አልነጠቀችም፣ አልጨበጠችም። ቁርጠቱ መጣ፣ ሄደ። ከገባች ጀምሮ እስከምትወርድ ድረስ ያለውን ሁሉ ብትደምረው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ማየቱ ብቻውን አምስት ደቂቃ ነው። ለአምስት ደቂቃ ስድስት ዓመት፤ ጫማዋን ስታደርግ ይህንን ሒሳብ ከጭንቅላቷ ማውጣት አቃታት። ትልቋ ሲስተር ለጥቂት ቀን ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ለአንድ ወር ከወንድ ጋር እንዳትገናኝ፣ በዓመቱ ተመልሳ እንድትታይ ነገረቻት። «ቀጥታ እኔ ጋ ነይ። በሚዛኑ በኩል አትዙሪ።» ከዚያ ዳቦዋን ከኪሷ አወጣች።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። ከታላቅ እህቷ ጋር ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እህቷ በአምስት ዓመት ትበልጣታለች፤ በአካልም የምትበልጠው እሷ ነበረች። የሰው ልብስ እየተቀበለች ትተኩሳለች፤ የመጀመሪያውን ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ይዞታል፤ ገመዱን ደግሞ ሸሚዞች፤ ሰው ገብቶ ለመቀመጥ በሸሚዝ መካከል ሸርተት እያለ ነው። ሚጢ ሸርተት ብላ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እህቷ በዚህ ሰዓት ምን አመጣሽ አለች፤ ከዚያ ፊቷን አይታ ካውያውን አቆመች። ሚጢ ነገረቻት። ሚዛኑን እያሳቀች ነገረቻት፤ ዶክተሩን ስትነግራት አላሳቀችም። ነጩን ነገር፣ መቃጠሉን፣ ማለቁን ነገረቻት። እህቷ ተመስገን አለች። ከቴርሞስ ሻይ ቀዳችላት፤ ስኳሩን ራሷ አማሰለችላት፤ ይህን ልጅ ሳሉ ሚጢ ስትታመም ታደርገው ነበር። ከዚያ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

«አንቺም ትሄጃለሽ፣ እታለም» አለች ሚጢ። «ነገ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። ሴትዮዋ እንደሌሎቹ አይደለችም።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ እኔም ትንሽ ልቅለል እንጂ።»

ሚጢ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ከሚዛኑ ላይ ስትወርድ እንኳ እንደዚህ አልመረራትም። እስካሁን የምነግርሽ ስለ ምንድን ነው፣ ማንን ነው የምትሰሚው፣ ስንት ዓመት ነው ልቅለል የምንለው፣ ስንቀል ማን ሊያነሳን ነው አለች፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እህቷ የሸሚዙን አንገትጌ ተኮሰች፣ ገለበጠች፣ ደግማ ተኮሰች። ውጭ ግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት ባልዲ ትጎትታለች። እህቷ ሸሚዙን ገመዱ ላይ ለመስቀል ሁለት እጇን አነሳች፤ ያን ጊዜ ቀሚሷ በብብቷ ሥር ተንጠለጠለ፤ ሚጢ ሳታስበው በዓይኗ ለካችው። በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ሰፍቷል። ይህ ቀሚስ ባለፈው ወር ነው የጠበበው፤ ያጠበበችውም ሚጢ ራሷ ናት።

«ያቺ ሴትዮ» አለች እህቷ ጀርባዋን እንደሰጠች፤ «ደም ያለበትንም ታያለች?»

ሚጢ ቀና አለች። «የምን ደም?»

«ወር አበባዬ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎት የለም? አሁን አምስት ወሩ፣ እየመጣ ይሄዳል።»

«አምስት ወር ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አላልኩም፤ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ውፍረቱ ነው ያዛባሽ፣ ቀንሺ አለኝ። አልነካኝም። ባለፈው ደግሜ ሄድኩ፤ መዘነኝና አሥራ አራት ኪሎ ቀንሰሻል፣ ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥዪ አለኝ።» እህቷ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ግራ የተጋባ ፈገግታ ነበር። «እኔ ደግሞ ለመቀነስ ያደረግኩት ነገር የለም፣ ሚጢዬ። ምግብ አስጠላኝ እንጂ። ግን ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ፣ እንጃ፣ ደህና የሆንኩ መሰለኝ።»

አማረብሽ ካሉት አንዷ ሚጢ ናት። ባለፈው ወር ቀሚሱን ስታጠብ በመርፌዋ ጎኗን ወጋ እያደረገች፣ ምን ተገኝቶ ነው፣ ልታገቢ ነው እንዴ ብላ ስቃባታለች። መንደሩ ሁሉ ስቆላታል። ከዚያ መሐል ምን አመመሽ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ተነስታ የካውያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። የእህቷን ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥታ እግሯ አጠገብ አስቀመጠች። ጤና ጣቢያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው፤ ቶሎ ከወጡ ይደርሳሉ።

«ነገ አላልሽም?»

«ዛሬ ነው። አድርጊ።»

እህቷ አንድ እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተችና ቆም አለች። ቀና ብላ ያልተተኮሱትን፣ በእርጥበታቸው ተከምረው የሚጠብቋትን ሸሚዞች አየች። «የሰው ልብስስ? ለማታ ቃል ገብቻለሁ፤ እንዲህ ትቼው ብሄድ እኮ ይጨማደዳል።»

«ይጨማደድ» አለች ሚጢ፤ በሩን ከፍታ ያዘችላት።